ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ አፍንጮ በር፦ የአዲስ አበባን የዲፕሎማሲ ታሪክ የሚያስጎበኝ የአንድ ቀን አገልግሎት ሲመዘን

አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና መሆኗን እየሰማን ያደግን ብዙዎች ነን። ይህን ስም ያስገኙላትን ሥፍራዎች ገብቶ ያየ፣ አመጣጣቸውንም በቅደም ተከተል የሰማ የከተማዋ ነዋሪ ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኞቻችን በአጥራቸው ጥግ በታክሲ እናልፋለን እንጂ ወደ ውስጥ አንዘልቅም። አንድ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት የዓለም አቀፍ ድርጅቶችንና የሰላም ማስከበርን ታሪክ በአማርኛ የሚተርክ የአንድ ቀን ጉብኝት እንዳዘጋጀ ስሰማ የተመዘገብሁትም ለዚህ ነው። የድርጅቱን ስም ያልጠቀስሁት እዚህ የምመዝነው የታሪኩን አተራረክ በመሆኑና ተመሳሳይ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሌሎችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል ብዬ ስለማምን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልሁበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የቀረው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ መስተንግዶው ጥቂት ልበል። ጉዞው ጠዋት ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ይነሣና በአፍሪካ አዳራሽ፣ በሜክሲኮ አደባባይ፣ በአፍሪካ ኅብረት አካባቢና በአፍንጮ በር በሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ በኩል ያልፋል። ሚኒባሱ ንጹሕ ነው፤ አሽከርካሪው ሰዓት ያከብራል፤ ድርጅቱ የተሳታፊዎችን ስምና የመታወቂያ መረጃ አስቀድሞ ስለሚሰበስብም በፍተሻ በር ላይ የሚባክን ጊዜ አልነበረም። ምሳን የሚጨምረው ክፍያ የቀኑን ርዝመት ላሰበ ሰው የሚያስከፋ አይደለም። አስጎብኚው ወጣት ነው፤ አንደበቱ ርቱዕ፣ ለአዛውንት ተሳታፊዎች የሚያሳየው አክብሮትም የሚያስመሰግን ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስለ ታሪኩ ነው፤ የአገልግሎቱ ዋጋም ሆነ ጉድለት የሚታየው በዚያ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ማረፊያ አፍሪካ አዳራሽ ነው። አዳራሹን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሠርተውት፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በ1958 ለተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን ተበረከተ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 ለእድሳቱ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። እድሳቱ በእውነት የተዋጣለት ነው። የውጭ ግድግዳው ጥቃቅን ንጣፎች በቀድሞው ቀለማቸው ተተክተዋል፤ የመሰብሰቢያ ክፍሉም ዘመናዊ የድምፅና የትርጉም መሣሪያ ቢገባለትም የ1960ዎቹን መንፈሱን አልለቀቀም።

አስጎብኚው በዚህ ሥፍራ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ ወሰደን፤ ምርጫውም ትክክል ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ በሦስት ታላላቅ መስኮቶች ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። የጠዋት ብርሃን በመስታወቱ ሲያልፍ ወለሉ ላይ የሚጥለውን ቀለም ፎቶግራፍ ፈጽሞ አያሳየውም። ወጣቱ ብዙ ሳይናገር እንድናይ ጊዜ ሰጠን። ይህ በጉብኝት አገልግሎት ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ጥበብ ነው።

ቀጥሎም ወደ ጉባኤው ክፍል ገብተን ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 30 ነጻ መንግሥታት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙበትን ቦታ አየን። ትረካው እዚህ ላይ ጠንካራ ነበር። አህጉሪቱ ካዛብላንካና ሞንሮቪያ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍላ እንደነበር፣ የጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ከተማ ይፍሩ ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ለማገናኘት ከመዲና መዲና እየዞሩ ምን ያህል እንደደከሙ፣ የጋናው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ አንድ የአህጉር መንግሥት እንዲመሠረት ሲማጸኑ አብዛኞቹ መሪዎች ደግሞ ገና በእጃቸው የገባውን ሉዓላዊነት ለማጋራት እንዳልፈለጉ፣ በመጨረሻም ቻርተሩ የኋለኞቹን ሐሳብ ተከትሎ እንደተጻፈ በሚገባ አስረዳን። ሞሮኮና ቶጎ ከፈራሚዎቹ መካከል ያልነበሩበትንም ምክንያት ተሳታፊ ሳይጠይቀው ተናገረ፤ ሞሮኮ በሞሪታኒያ ነጻነት ላይ በነበራት ቅሬታ፣ ቶጎም ፕሬዚዳንት ሲልቫነስ ኦሊምፒዮ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተገድለው ስለነበር ነው።

ቻርተሩ አባል መንግሥታት አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ የሚደነግግ አንቀጽ እንዳለው አስጎብኚው ጠቅሶ አልፏል። ይህን አንቀጽ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ከሰዓታት በኋላ በሌላ ሥፍራ ላይ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

በአዳራሹ ታሪክ ውስጥ ተገቢው ቦታ ያልተሰጠው አንድ ክስተት አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ከ1952 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኒው ዮርክ ወጥቶ፣ በአፍሪካ ምድርም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ከጥር 28 እስከ የካቲት 4 ቀን 1972 በዚሁ አዳራሽ ነው። ናሚቢያ፣ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች፣ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድና ሮዴዢያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ተነሥተው ተመክሮባቸዋል፤ በሮዴዢያ ጉዳይ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብም ብሪታንያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው። የአፍሪካ መንግሥታት ያን ታላቅ ሸንጎ እስከ ደጃቸው አምጥተው፣ በገዛ አዳራሻቸው ውስጥ በአንዲት ሀገር እጅ መነሣት ብቻ ሲከለከሉ ማየታቸው ስለ ተባበሩት መንግሥታት አሠራር የሚያስተምረውን ያህል የሚያስተምር ነገር ጥቂት ነው። አስጎብኚው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የስብሰባውን ክብር ብቻ አውስቶ አለፈው። አፍሪካ ዛሬም በምክር ቤቱ ቋሚ መቀመጫ የላትምና ታሪኩ ያለፈ ብቻ አይደለም።

ከአዳራሹ ወጥተን ወደ አፍሪካ ኅብረት ስናመራ በሜክሲኮ አደባባይ አለፍን። እዚህ ላይ ቅሬታዬ የበረታ ነው፤ ሚኒባሱ አልቆመም፣ አስጎብኚውም ስለ አደባባዩ ምንም አላለም። የዚህ ጉብኝት መነሻ መሆን የሚገባው ግን ለእኔ ይህ ሥፍራ ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀዳሚ የነበረውን፣ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነውን የመንግሥታቱን ማኅበር የተቀላቀለችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በዚያ አባልነት የፈለጉት በቅኝ ገዢዎች ለተከበበች ሀገር የሕግ ጋሻ ነበር፤ የማኅበሩ ቃል ኪዳን በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ እንደሚቆጠር ይናገር ነበርና። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ስትወርረን ማኅበሩ ወራሪ መሆኗን መሰከረ፤ ማዕቀብም ጣለ። ሆኖም ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ተደረገ፤ የስዊዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ፣ የቀረበው ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነና የትናንሽ መንግሥታት ሁሉ ህልውና እንደሆነ ለጉባኤው አስታወሱ። ጉባኤው ሰምቶ በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡን አነሣ።

ከዚያ በኋላ ብሪታንያና ፈረንሳይ ሳይቀሩ የኢጣሊያን ይዞታ ሲቀበሉ፣ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ አደባባይ የሰየመችላት በዚህ ውለታ ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። በየቀኑ እጅግ ብዙ ሰው ታክሲ የሚይዝበት ይህ ሥፍራ የዚህች ሀገር ዲፕሎማሲ ከየት እንደተነሣ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ በዝምታ መታለፉ የሚያሳዝን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ንግግራቸውን የጀመሩት ከ27 ዓመት በፊት በጄኔቫ መቆማቸውን በማስታወስ ነበር። ኮሪያም፣ ኮንጎም፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (በዛሬዋ ናሚቢያ) ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በ1960 በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መክሰሳቸውም የሚገቡት ጄኔቫ ከተነገረ በኋላ ነው። ያ ክስ በ1966 ውድቅ የተደረገው ፍርድ ቤቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ነበር፤ ቢሆንም ሁለቱ ከሳሾች ለናሚቢያ የነጻነት ጥያቄ የሕግ መንገድ ጠርገዋል።

የሚቀጥለው ማረፊያ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጉብኝቱ ወደ ግቢው ውስጥ አይገባም፤ ይህም ሲመዘገቡ በግልጽ ስለሚነገር ማንም እንደተታለለ አይሰማውም። ከውጭ ሆነን ቻይና አሠርታ ያበረከተችውንና በጥር 2012 የተመረቀውን ረጅም ሕንፃ አየን። ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው ኅብረቱ እንዲመሠረት ሊቢያ ውስጥ በሲርት የተወሰነበትን መስከረም 9 ቀን 1999ን ለማስታወስ መሆኑን አስጎብኚው ነገረን። ኅብረቱ በሐምሌ 2002 ደርባን ላይ ሥራውን በይፋ እንደጀመረ፣ በግቢው ውስጥም የንክሩማና ከ2019 ወዲህ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልቶች እንደቆሙ ጨመረልን። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ሕንፃውን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ወጣቱም ወደ ምሳ ሊወስደን ተነሣ።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ከርቸሌ የነበረው የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁት። አስጎብኚው ጥቂት ካመነታ በኋላ በእጁ አሳያቸውና «አባባ፣ እዚሁ ነበር፤ ፈርሷል» አላቸው። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም፤ እሱም አልቀጠለም። ከቀኑ ሁሉ ትልቁ ክፍተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ኅብረቱ ሕንፃውን የሠራበት መሬት የማዕከላዊ እስር ቤቱ፣ የዓለም በቃኝ ቦታ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት ጦር ያፈሳቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን የታጎሩትና የተገደሉት በዚያ ነበር፤ በቀይ ሽብር ዘመንም ስንቱ ወጣት ገብቶ አልወጣም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ያስገደላቸው የቀድሞ ባለሥልጣናትም የወደቁት እዚያው ነው። ከእነዚህ መካከል በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመሠረት ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ሆነው የሠሩትና በ1971 ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት የተወዳደሩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ነበሩ። በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ከ1962 እስከ 1963 በዋና አዛዥነት የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ነበሩ። የአፍሪካን መሪዎች ያሰባሰቡት አቶ ከተማ ይፍሩ ከሞት ቢተርፉም ለዓመታት ታሰሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጽሕፈት ቤት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የቀድሞ የፖሊስ ኮሌጅ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእስር ቤቱ አጥር ማዶ ነበር።

በጠዋቱ ትረካ የሰማነው አንቀጽ እዚህ ላይ ሥጋና ደም ያገኛል። በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ለአዳዲሶቹ መንግሥታት የነጻነት ዋስትና የነበረውን ያህል ለዜጎቻቸው ግን ዋስትና አልሆነላቸውም፤ የድርጅቱ ሠራተኞች የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሆነውም ቢሆን ቻርተሩ እንዲናገሩ አይፈቅድላቸውም ነበር። ኅብረቱ ከሩዋንዳ እልቂት በኋላ የማቋቋሚያ ሰነዱን ሲጽፍ የዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ ጣልቃ የመግባት መብት እንዲኖረው በ4ኛው አንቀጽ የደነገገው ያንን ዝምታ ለመሻር ነው። የእስር ቤቱ ሕንፃ በ2007 ሲፈርስ በሥፍራው የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም ኅብረቱ ራሱ ወስኗል። ይህን ታሪክ ለመናገር ፈቃድም ሆነ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልግም፤ ጎብኚው በቆመበት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አዲሱ አንቀጽ በተግባር ምን ያህል እንደሠራ መጠየቅም ተገቢ ነው። በኅዳር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ሁለት ዓመት ዘልቆ፣ እጅግ ብዙ ሕይወት ቀጥፎ፣ በኅብረቱ ሸምጋይነት በፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 2022 ነው። ኅብረቱ ጦርነቱን ለማስቆም መብቃቱም፣ መዘግየቱም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም መስማት የሚችል ሰው ነው ወደዚህ ጉብኝት የሚመጣው።

ምሳው ጥሩ የጾም በያይነቱ ነበር፤ ከዚህ በላይ ልናገርለት የሚገባ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አፍንጮ በር ወጣን፤ ቀኑም የካሰው እዚህ ነው። ድርጅቱ በዚህ ሥፍራ ትረካውን ወደ ኮሪያ ከተላከው ከቃኘው ጦር ለአንድ ዘማች ልጅ ይሰጣል፤ ይህ ውሳኔ ብቻውን ጉብኝቱን የሚያስመርጥ ነው። ሰውየው በስልሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ያልጠነቀቁትን ነገር «ይህን በእርግጥ አላውቅም» ብለው የሚያልፉ ናቸው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ መሄዱን፣ በግንቦት 1951 መጀመሪያ ፑሳን መድረሱን፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር መሰለፉን፣ በየተራ የዘመቱት ሻለቆች ተደምረው ከ6,000 በላይ ወታደር እንደነበሩ፣ ከ120 በላይ መሞታቸውንና ከ500 በላይ መቁሰላቸውን፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አለመኖሩን እያንዳንዱን ረጋ ብለው ነገሩን። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ መርዳታቸውን ሲናገሩ ደግሞ አባታቸው ያወሯቸውን እየጠቀሱ ነበር።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ያን ያህል ሩቅ ሄደን ለመሞት ኮሪያ ምናችን ነበረች?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። ሰውየው አልተቆጡም፤ ስለ ጄኔቫ ነገሯት። በ1928 ዓ.ም. ለእኛ የሚዘምት አንድ እንኳ አልተገኘም፤ ለሌላው ያልዘመተ ደግሞ ነገ ለእኔ ዝመቱልኝ ማለት አይችልም፤ አባቶቻችን ያመኑት ይህን ነው አሏት። ጠዋት በሜክሲኮ አደባባይ ያጣነውን ትረካ ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው አፍ ሰማነው። ዘማቾቹ ከተመለሱ በኋላ የደረሰባቸውንም አልሸሸጉም። በደርግ ዘመን ከኮሚኒስት ጦር ጋር በመዋጋታቸው እንደ ወንጀለኛ ይታዩ ስለነበር ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው፣ ጡረታቸውን አጥተው በችግር ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1968 ተገኝተው ሐውልት በመረቁባት በደቡብ ኮሪያዋ በቹንቾን ከተማ ያሉ ሰዎች፣ የእኛ መንግሥት ስማቸውን ማንሣት በተወበት ዘመንም እንኳ አልረሷቸውም። የአፍንጮ በሩ መታሰቢያም በኮሪያውያን እርዳታ የቆመ ነው።

ይሁንና ኮሪያ የሰላም ማስከበር ዘመቻ እንዳልነበረች ጉብኝቱ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። የሶቪየት ኅብረት መልእክተኛ ከጸጥታው ምክር ቤት በቀሩበት ጊዜ የተወሰነ፣ አንዱን ወገን ደግፎ የሚዋጋ ጦር ነበር። ሰላም ማስከበር የምንለው፣ በተፋላሚዎች ፈቃድ መካከላቸው ገብቶ የሚቆም ጦር፣ በትልቁ የተፈተነው በኮንጎ ነው። ኢትዮጵያ ከ1960 ጀምሮ ጠቅል ብርጌድን፣ በኋላም ተዋጊ ጄቶቿን የላከችበት ይህ ዘመቻ የመጀመሪያውን የኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባን ከሞት ሳያድን፣ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሃማርሾልድም በመስከረም 1961 ንዶላ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተው፣ በመጨረሻ ግን የካታንጋን ክፍለ ሀገር መገንጠል ገትቶ በ1964 ተጠናቀቀ። በጉብኝቱ ውስጥ ኮንጎ የተነሣችው በሚኒባሱ ውስጥ፣ በመንገድ ላይ፣ በጥድፊያ ነው። በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በቡሩንዲ፣ ከ2011 ጀምሮ በአቢዬ፣ ከ2014 ጀምሮም በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር በሶማሊያ የተሠማሩት ወታደሮቻችን ስማቸው እንኳ አልተዘረዘረም፤ ኢትዮጵያ ከ8,000 በላይ ወታደር አሠማርታ ከዓለም አንደኛ ሰላም አስከባሪ አዋጪ የሆነችባቸው ዓመታት እንደነበሩ ግን ማንም ጎብኚ ቢሰማ የሚወደው ነው።

ሙሉ በሙሉ የቀረው ደግሞ ሰላም አስከባሪ ወደ እኛ የመጣበት ታሪክ ነው። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ካለቁ በኋላ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥረት ተኩስ ቆሞ፣ በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 4,200 የሚደርስ ጦር ልኮ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ውስጥ ቆመ። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ ባድመ ለኤርትራ ሆነች፤ ኢትዮጵያ ውሳኔውን በተግባር ሳትፈጽም ቀረች፤ ኤርትራ ደግሞ ቁጣዋን በሰላም አስከባሪው ላይ አሳረፈችው። በ2005 ሄሊኮፕተሮቹ እንዳይበሩ ከለከለች፤ ኋላም ነዳጅ አቋረጠችበት፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በሐምሌ 2008 መጨረሻ ተልእኮውን ዘጋው። ያ ጦር ስምንት ዓመት ያህል በመካከል ቆሞ ሁለተኛ ዙር እልቂት እንዳይነሣ አግዟል፤ ሁለቱ መንግሥታት ሊፈጽሙት ያልፈለጉትን ፍርድ ማስፈጸም ግን ከአቅሙ በላይ ነበር። የሰላም ማስከበር ጥቅምም ወሰንም ከዚህ የበለጠ ቀርቦ የታየን የለም። በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች በዚህችው ከተማ ስለሚኖሩ ርዕሱ እንደሚከብድ ይገባኛል፤ መቅረቱ ግን ጎብኚውን ሰላም አስከባሪ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሀገር የሚሄድ ነገር እንደሆነ አድርጎ ያሰናብተዋል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያም ነገር አለ፤ እሱም መነገር አለበት። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያቆራኘው በታኅሣሥ 1950 የተላለፈ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ነበር። ያ ፌዴሬሽን የፈረሰው በኅዳር 1955 ዓ.ም. ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ቻርተሩ የተፈረመው በዚያው ዓመት ግንቦት። የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔው ሲሻር አልተናገረም። ጄኔቫ ላይ በዝምታ የተበደለች ሀገር በሌላ ዝምታ ተጠቃሚ የሆነችበት ይህ ምዕራፍ ለሠላሳ ዓመት ጦርነት አንዱ ምክንያት ሆኗል። ስለ አዳራሹ ክብር የሚተርክ ማንም ሰው ይህን ሲጨምር ክብሩ አይቀንስበትም፤ ተሰሚነቱ ይጨምርለታል።

በድምሩ ይህን አገልግሎት ለመምህራን፣ ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከውጭ ሀገር ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆችም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ትንንሽ ሕፃናት ለያዘ ቤተሰብ ቀኑ ይረዝማል። ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው፤ በሜክሲኮ አደባባይ ቁሙና ጄኔቫን እዚያ ተርኩ፣ በኅብረቱ አጥር አጠገብ የእስር ቤቱን ታሪክ ሽማግሌ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ የአፍንጮ በሩን ሰው ደግሞ ከጠዋቱ ጀምሮ ከቡድኑ ጋር አውሏቸው። ተሳታፊ የሚሆን ሰው የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይያዝ፤ ስሙን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያስመዝግብ፤ በመታሰቢያው ግቢ ጠይቆ ፎቶግራፎቹን በዝግታ ለማየት እንዲችልም ለዚያ ቀን ማታ ሌላ ቀጠሮ አይያዝ።